የባትሪ ውሃ

ኅዳር 9፣ ቅዳሜ

ዛሬም መኪናውን አስነሳሁ። ማለት... እኔ ቁልፉን አዞርኩ፣ ወንድሜ ወንድምዓለም በረንዳው ላይ ተቀምጦ አዳመጠ። ሥራ እንዲህ ተከፋፍለናል። ሠላሳ አንድ ዓመት ታክሲ የነዳው በዚህ መኪና ነው። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ግቢ ውስጥ ከቆመ አምስት ወሩ።

«ሰማሽው? ተንጠራርቶ ነው የተነሳው» አለኝ። «ባትሪው ደክሟል።»

እኔ ምንም አልሰማሁም። መሪው ላይ እጄን አድርጌ፣ የግቢውን ግድግዳ እያየሁ ስለ ሌላ ነገር አስብ ነበር። ስለ ምን? አሁን ጠፋኝ። ብዙ ውሃ ያለበት ነገር ነው...

«ደመና» ይለኛል ከልጅነቴ ጀምሮ። አለሽ ሲሉሽ የለሽም፣ ይላል። ሃምሳ አራት ዓመት ሞላኝ፣ ስሙ ግን አልለቀቀኝም።

ኅዳር 11

ላውንደሪ ቤት ቀኑን ሙሉ ሸሚዝ። አርባ ሁለት ነጭ ሸሚዝ ተኮስኩ። እንፋሎቱ ሲነሳ ግድግዳው ይጠፋል፣ ሰዎቹ ይጠፋሉ፣ ድምፃቸው ብቻ ይቀራል። ደስ ይለኛል ያ ሰዓት። ቆሜ አልማለሁ።

ወንድምዓለም የሚያየው እንዲህ ይሆን እንዴ? ቤት ስገባ ጠየቅኩት።

«የለም፣ መሃሉ ይታየኛል። ዳር ዳሩ ነው የጠፋው። በቁልፍ ቀዳዳ አጮልቆ እንደማየት በይው።» ከዚያ ሳቅ አለ። «የዓይን ሞራ ነው። ይገፈፋል። ሐኪሟ ገፍፋ ትጥልልኛለች፣ የካቲት ላይ ታክሲዬን እነዳለሁ።»

እስከዚያ ባትሪው እንዳይሞትበት ነው ጭንቀቱ። የእኔ ኃላፊነት እሱ ነው... ባትሪው።

ኅዳር 13

የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ነበር። ነርሷ ግፊቱን ልትለካው ወደ ሌላ ክፍል ወሰደችው። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ የደከማት። ወረቀቱን እያየች፣ «ሞራ አይደለም እኮ» አለችኝ። «የዓይን ግፊት ነው። ነርቩን ጎድቶታል። የሞተው አይመለስም። ጠብታውን ጠዋትና ማታ ሳያቋርጡ ካደረጉ የቀረውን እናቆየዋለን።»

«ኦፕራሲዮኑስ?»

«የጠፋውን የሚመልስ ኦፕራሲዮን የለም። ነግሬያቸው ነበር። ይሰሙኝ መስሎኝ...»

«መንዳትስ?»

ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች።

«እኔ ልንገረው» አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ። ድፍረት አልነበረም። እዚያ፣ በዚያ ነጭ መብራት ሥር፣ በሰው አፍ እንዳይሰማው ብቻ ብዬ ነው።

«ጥሩ። ጥር ሃያ ሁለት ትመለሳላችሁ። እስከዚያ ይንገሯቸው። ካልሆነ እኔ እነግራቸዋለሁ።»

በሰው ታክሲ ስንመለስ ወንድምዓለም የሾፌሩን ማርሽ አቀያየር እየሰማ ፊቱን አጨማደደ። ከወረድን በኋላ፣ «ምን አለችሽ?» አለኝ።

«ጠብታውን እንዳታቋርጥ።»

ውሸት አይደለም። እውነትም አይደለም።

ኅዳር 14

ዝም አይነቅዝም ይላሉ።

ኅዳር 16፣ ቅዳሜ

አልነሳም አለ። ቁልፉን ባዞር ጠቅ... ጠቅ... ዝም።

ወንድምዓለም ወንበሩን ከመኪናው አጠገብ አስመጥቶ ተቀመጠና አዘዘኝ። «ቁጥር አሥር ቁልፍ አምጪ። ነጌቲቩን መጀመሪያ ፍቺ። ስታስሪ ደግሞ ነጌቲቩ መጨረሻ። ይኼን ከረሳሽ ርችት ትሆኛለሽ።»

ፈታሁ። ጫፎቹ ነጭና አረንጓዴ ጨው አውጥተዋል። ሙቅ ውሃ በሶዳ አደረግኩበት፣ ተንጨረጨረና ለቀቀ። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈገፈግኩት። ስድስቱን ክዳኖች ከፍቼ ውስጡን አየሁ። ጨለማ ጉድጓድ... ስድስት ትናንሽ ጉድጓድ። ዝም ብዬ ሳይ ቆየሁ መሰለኝ።

«ደመና፣ ሰሌዳዎቹን ውሃ ሸፍኗቸዋል?»

«አልሸፈናቸውም። ከላይ ደርቀዋል።»

«በይ የባትሪ ውሃ ገዝተሽ ሙይው። እስከ ምልክቱ ብቻ። አታትረፍርፊ።»

ኅዳር 18

የከሰዓት ተረኛ ስለሆንኩ ጠዋት መለዋወጫ ሱቅ ሄድኩ። «የባትሪ ውሃ» አልኩ። ሰውዬው ስልክ እያወራ አንድ ጠርሙስ ሰጠኝ። አመስግኜ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ በማንቆርቆሪያ አፍ እየተጠነቀቅኩ ስድስቱንም ሞላኋቸው። ትንሽ ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። እጄን ያሳክከኛል፣ የላውንደሪው ሳሙና ይሆናል። ታጠብኩ።

ከዚያ ቻርጀሩን ሰካን። ቀዩ በቀይ፣ ጥቁሩ በጥቁር። በረንዳው ላይ፣ አየር እንዲያገኝ። «እሳት እንዳታቀርቢ» አለ፣ እኛ ቤት ሲጋራ የሚያጨስ ሰው እንዳለ ሁሉ።

ጥቂት ቆይቶ መንተክተክ ጀመረ። ቀስ ያለ ድምፅ። ሩቅ ቆርቆሮ ላይ የሚዘንብ ዝናብ ይመስላል። ሁለታችንም ተቀምጠን አዳመጥነው። ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ዓይኔ እንደተገፈፈ መጀመሪያ የት እንደምወስድሽ ታውቂያለሽ? ሐይቁ ጋ። እሑድ እሑድ ስሠራ አንድ ቀን ወስጄሽ አላውቅም። ጠዋት እንወጣለን፣ አንቺ ከኋላ ተዘርግተሽ ትተኛለሽ፣ ልክ ስንደርስ እቀሰቅስሻለሁ።»

አሁን ልንገረው... አፌን ከፈትኩ።

«ሻይ ላፍላልህ?» አልኩ።

ኅዳር 20

ተነሳ። መነሳት ብቻ? ቁልፉን ከመንካቴ ሞተሩ ጮኸ።

ወንድምዓለም ከበረንዳው ብድግ አለ። «ወጣት ሆነ» አለ። «እንዲህ አድርጎ የተነሳው አዲስ የገዛሁት ጊዜ ነው። እታለም፣ እጅሽ መድኃኒት ነው።» ግድግዳውን እየዳበሰ መጥቶ ኮፈኑን መታ መታ አደረገው። «ይኼ ከተነሳ እኔ የማልነሳበት ምክንያት የለም።»

መኪናው ውስጥ ጎንበስ ብዬ ምንጣፉን ያስተካከልኩ መሰልኩ።

ኅዳር 24፣ እሑድ

የኔ ነገር። የኔ ነገር እኮ።

ሰማያዊ ቀሚሴን ሳጥብ ቀዳዳ ወጣበት። ሰባት ቀዳዳ። አጥቤ ሳልጨርስ ስምንት ሆነ። ሃያ ዓመት የሰው ልብስ አጥቤያለሁ፤ ቀዳዳ አውቃለሁ። ሲጋራ ዳሩን ያጠቁራል። ብል ከሱፍ ጨርቅ ውጭ አይወድም። ይሄኛው ዳር የለውም፣ ክሩ ዝም ብሎ ሟሟ። እንዲህ ያለ ቀዳዳ የጋራዥ ሰዎች ቱታ ላይ ነው የማየው።

ውሃ ልብስ አይበላም።

ጠርሙሱን ከመጣያው አወጣሁ። አሲድ ይላል። በትልቁ። ሕፃን በሚያነበው ፊደል።

የእኔ ዓይን ጤነኛ ነው። እሱ ነው የማያይ የሚባለው።

ኅዳር 25

ሱቁ ሄድኩ። ሰውዬው አልተቆጣም። «የባትሪ ውሃ የሚለን ሁሉ ለአዲስ ባትሪ መሙያ ነው የሚፈልገው። የጎደለ ለመሙላት ከሆነ የተጣራ ውሃ ይበሉ እንጂ እናቴ።»

ለወንድሜ የባትሪ ውሃ ማለት የተጣራው ነው። ለሰውዬው አሲዱ። አንድ ስም ነው፣ ሁለት ነገር። መሃል ላይ እኔ፣ ሳላነብ።

ከዚያ ባትሪውን ተሸክሜ አምፔር ጋ። ባትሪ ቻርጅ የሚያደርግ ሰውዬ ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ አምፔር ይለዋል፣ እናቱ ያወጣችለትን የሚያውቅ የለም። በመስታወት ቱቦ ከየቀዳዳው መጥጦ፣ ወደ ብርሃን አንስቶ፣ አፉን አጣመመ።

«እትዬ፣ የሚተነው ውሃው ነው። አሲዱ አይተንም፣ እዚያው አለ። በላዩ ሌላ ጨመሩበት። አሁን ይሮጣል አይደል?»

«እንደ ወጣት።»

«ሰሌዳውን እየበላ ነው የሚሮጠው። የቻልኩትን አውጥቼ የተጣራ ውሃ እተካለታለሁ። ግን ደርቆ የቆየ ነው፣ ቃል አልገባም። ሁለት ወር ከሄደልዎ ጎበዝ ነው።»

ለወንድምዓለም አልነገርኩትም። አሁን የደበቅኩት ሁለት ሆነ።

ታኅሣሥ 7፣ ቅዳሜ

አስነሳሁ። ተነሳ። አመሰገነኝ።

ታኅሣሥ 10

መምህሯ ስልክ ደወለች። ዘጠኝ ዓመት ጠዋት ጠዋት ያደርሳት የነበረች ደንበኛው ናት፣ እግሯን ያማታል። ሌላ ሾፌር አግኝታለች፣ ልትይዘው ነው። ወንድምዓለም፣ «ሌላ ሾፌር ምን ያደርግልሻል? ከየካቲት አንድ ጀምሮ በርሽ ላይ ነኝ» አላት።

ሌላውን ሾፌር መለሰችው። ወጥ ቤት ቆሜ ሰማሁ። የእኔ ዝምታ እንግዲህ ከቤት ወጥቶ የሰው እግር ላይ ቆመ።

ታኅሣሥ 21፣ ቅዳሜ

ለቻርጅ ስሰካው ድምፁ ሌላ ነው። አንዱ ቀዳዳ አይንተከተክም። አምስቱ ያወራሉ፣ አንዱ ዝም።

ወንድምዓለም ጆሮውን አስጠጋ። «አንዷ አኩርፋለች» አለ። ከዚያ ስለ አዲስ የወንበር ልብስ አወራ። ግራጫ ይሻላል ወይስ ቡናማ? ግራጫ አልኩ። ግራጫ አልወድም እኮ።

ጥር 2

ሕልም አየሁ። መኪናው ይሄዳል፣ መሪው ላይ ማንም የለም። እኔና እሱ ከኋላ ተቀምጠናል፣ ሞቆናል፣ መንገዱ ነጭ ነው። አልፈራሁም። «ማን እየነዳ ነው?» ሲለኝ፣ «አንተ» አልኩት። እሺ ብሎ ተደላደለ።

ላውንደሪ ሳስበው ነው የፈራሁት። የሰው ኮሌታ አቃጠልኩ።

ጥር 12፣ ቅዳሜ

ሞተ። ጠቅ እንኳን አላለም።

ወንድምዓለም፣ «አምፔር ጋ ውሰጂው፣ ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ያድርገው» አለ። ወሰድኩ። አምፔር ለካ። ዘቅዝቆ አየው። ሥሩ ጥቁር ጭቃ ሆኗል፣ ሰሌዳው ረግፎ።

«እንደምንም አንዴ ቻርጅ አድርግልኝ» አልኩት። «እስከ ጥር መጨረሻ።»

«አይይዝም።»

«ለአንድ ሳምንት?»

መነጽሩን አወለቀ። «እትዬ፣ እኔ የሞተ ባትሪ ቻርጅ አላደርግም። ይወስዱታል፣ ደህና ነው ብለው ያምናሉ፣ መንገድ ላይ ይጥልዎታል። ቢያዝኑብኝም የሞተውን ሞቷል ነው የምለው። ያኔ ሰው ሌላ ነገር ያስባል።»

ስለ ባትሪ ነው የሚያወራው። ስለ ባትሪ ብቻ። እኔ ግን እዚያው ቆሜ ፊቴ ጋለ።

ጥር 13፣ እሑድ

ነገርኩት።

ቁርስ በልተን ሬዲዮ እየሰማ ነበር። በባትሪው ጀመርኩ። ሞቷል፣ ገዳዩም እኔ ነኝ፣ ጠርሙሱን ሳላነብ አሲድ ጨመርኩበት አልኩት። ሳቀ። እስኪያስለው ሳቀ። «የባትሪ ውሃ ያልኩሽ እኔ ነኝ። ወይ ደመና... ለካ ለዚህ ነው እንደ ጎረምሳ የጮኸው።»

«ሌላም አለ» አልኩ።

«ደግሞ ምን ጨመርሽበት?»

«ዓይንህ ሞራ አይደለም። ግፊት ነው። የጠፋው አይመለስም ብላኛለች። ኦፕራሲዮን የለም። መንዳትም... የቀረውን ጠብታው ያቆየዋል። የጠፋው ግን አይመለስም።» በአንድ ትንፋሽ ነው ያልኩት። ሁለቴ «አይመለስም» አልኩ፣ አንዱ ይበቃ ነበር።

እጁን ሰዶ ሬዲዮውን አጠፋ።

«መቼ ነገረችሽ?»

«ኅዳር አሥራ ሦስት።»

በጣቱ ቆጠረ። «ሁለት ወር» አለ። «መምህሯን ቃል ስገባላት ነበርሽ?»

«ነበርኩ።»

«የወንበር ልብስ ግራጫ ይሁን ያልሽኝም አንቺ ነሽ።» ድምፁን አላነሳም። ቢያነሳ ይሻለኝ ነበር። «እኔ እኮ ባላይም የምታይልኝ እህት አለችኝ ብዬ ነው የምኖረው።»

አለቀስኩ። አላባበለኝም። ተነስቶ ግድግዳውን ይዞ ገባ።

ጥር 14

አልተናገረም።

ጥር 15

ጠብታውን እንቢ አለ። «ምን ለማየት?» አለ። በሁለት ቀን የሰማሁት ድምፅ ይሄ ነው።

ጥር 17

ጠብታው አሁንም ፍሪጅ ውስጥ። ሦስት ቀን ሆነ። የቀረው መሃሉ ነው፣ የቁልፍ ቀዳዳው። ያም እንዲሄድ ነው የሚፈልገው? ለመንኩት። የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ተናደድኩበትም። እኔን ለመቅጣት ዓይኑን ይቀጣል?

ጥር 19፣ ቅዳሜ

ከአምፔር አዲስ ባትሪ አመጣሁ። ለምን? እንጃ። ጋሪ የሚገፋው ሰውዬ በረንዳው ላይ አስቀመጠልኝ።

ወንድምዓለም አልጋው ላይ ነበር፣ መስኮቱ ክፍት። ብቻዬን ኮፈኑን ከፈትኩ፣ ባትሪውን እንደምንም አስገባሁ። ከዚያ ጠፋኝ። ፖዘቲቩ የቱ ነው? ባትሪው ላይ ያለው ምልክት በሙጫ ወረቀት ተሸፍኗል፣ የመኪናው ሽቦዎች ደግሞ ሁለቱም ከእርጅና ብዛት ጥቁር ናቸው። ቁልፉ ከእጄ ወድቆ ሞተሩ ሥር ገባ። አወጣሁት። እንደገና ወደቀ።

«የቱን ነው የያዝሽው?» ከመስኮቱ።

«አላውቅም።»

«አታውቂም?»

«አንዱን ነው። ልሰረው?»

«እንዳትነኪ። እንዳትነኪ አልኩሽ። እጅሽን አንሺ።»

በፒጃማ መጣ፣ ጫማውን ግራና ቀኝ አቀያይሮ። ገፋ አደረገኝና ሁለቱን ጫፎች ዳበሰ። «ወፍራሙ ፖዘቲቭ ነው፣ ቀጭኑ ነጌቲቭ። ለዚህ ዓይን አያስፈልግም። ዳብሺው።» እጄን ይዞ አስዳበሰኝ። እውነትም አንዱ ወፈር ይላል። ትንሽ ነው። በዓይኔ ብቻ አሥር ዓመት ባየው አልለየውም ነበር።

አጠበቀ፣ ፖዘቲቩን መጀመሪያ፣ ነጌቲቩን መጨረሻ። ግራሶ ቀባው። ጣቶቹ አልተሳሳቱም፣ አንድም ጊዜ። እኔ ቆሜ አየሁ። ስለ ሌላ ነገር አላሰብኩም።

ሲጨርስ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ይኼ ባትሪ ለማን ነው?» አለኝ።

«ለእኔ» አልኩ። ቀድሜ አላሰብኩትም። «መንዳት ልማር ነው።»

ጨርቁን አጣጥፎ ኮፈኑ ላይ አስቀመጠ።

«አምላክ ሰፈሩን ይጠብቅ» አለ። ከዚያ ወደ በሩ እየሄደ፣ «ያ ጠብታ አልተበላሸም?»

ጥር 22

ሐኪሟ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ልትጀምር ስትል፣ «እህቴ ነግራኛለች» አላት። «የቀረኝን ንገሪኝ።» እሱን ነገረችው። ከጠብታው ካልተለያየ ዕድሜውን ሙሉ ሊቆይ ይችላል። ጠብታ ያቋረጠባቸውን ቀናት ራሱ ተናዘዘ። ተቆጣችው፣ አንገቱን ደፍቶ ሰማ።

ቤት ስንደርስ ለመምህሯ ደወለ። በሩን ዘግቶ ነው ያወራት።

የካቲት 12

የመንጃ ትምህርት ሦስተኛ ቀን። አስተማሪው፣ «እናቴ፣ የት ነው ያሉት?» አለኝ። ፍሪሲዮን ረግጬ ዛፍ እያየሁ ነበር። ወደሽ ከተደፋሽ ቢረግጡሽ አይክፋሽ።

መጋቢት 6

በፈተናው ወደቅኩ።

ወንድምዓለም ግቢ ውስጥ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ከመኪናው በር ውጭ ቆሞ ያስጠናኛል። ማርሽ ስቀይር በድምፁ ያውቃል። «ሦስተኛ አይደለም የገባው፣ አምስተኛ ነው። ድገሚ።» እደግማለሁ። «ኋላሽ ምን አለ?» ይለኛል በድንገት። በመስታወቱ አይቼ መመለስ አለብኝ። አጥር። የልብስ ገመድ። ሁለት ፎጣ፣ አንዱ ሊወድቅ ነው።

ሚያዝያ 19

ሁለተኛም ወደቅኩ። መኪናውን ማቆሙ ላይ። አልሳቀብኝም፣ ያ ነው የከፋኝ።

ሰኔ 10፣ እሑድ

መንጃ ፈቃዴ የወጣው ሐሙስ ነው። ዛሬ ጠዋት መንገዱ ገና ባዶ ሳለ ወጣን።

ቁልፉን ይዤ ስወርድ እሱ ቀድሞኝ መኪናው ጋ ደርሷል። እጁ የሾፌሩ በር እጀታ ላይ ነው። ቆመ። ከዚያ እጁን በኮፈኑ ላይ እያስኬደ በፊት በኩል ዞረ። ገባ። መስኮት ሊያወርድ ግራ እጁን ሰደደ፣ ያገኘው የእጅ ፍሬኑን ነው።

«መስኮቱ በየት በኩል ነው?»

«በቀኝህ።»

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ እዚህ ወንበር ላይ አንድ ቀን ተቀምጦ አያውቅም። ዳበሰው፣ ተንቀሳቀሰበት። «ይቆረቁራል እኮ» አለ። «እነዚያ ሁሉ ደንበኞች ለምን አልነገሩኝም?»

ወጣን። ትንሽ እንደሄድን፣ «የሚታይሽን ንገሪኝ» አለኝ።

ነገርኩት። መንገዱ እርጥብ ነው። ሱቆቹ ዝግ ናቸው። አንድ ሰውዬ መሰላል ተሸክሞ ይሻገራል፣ ቆሜለታለሁ። የቆመ ጭነት መኪና ሥር ድመት ተኝታለች። ፊታችን ቀይ መብራት።

«እሱ ረዥም ነው። እስከ ሰማንያ ቁጠሪ።»

ቆጠርኩ። ሰማንያ ሁለት ላይ አረንጓዴ ሆነ። ቀጠልኩ። አንዲት ሴት መስኮት ላይ ብርድ ልብስ ታራግፋለች። ግድግዳው ቢጫ ተቀብቷል፣ ድሮ ምን ነበር? ብስክሌት መጣ፣ አለፈ። ሰማዩ ዳር ዳሩ እየነጣ ነው... መሃሉ ገና ግራጫ።

ዞር ብዬ አየሁት፣ ለአንድ አፍታ ብቻ። ጭንቅላቱን መስኮቱ ላይ አስደግፎ፣ አፉ ትንሽ ተከፍቶ፣ እንቅልፍ ወስዶታል። ወንድሜ። የሰው መኪና ላይ ሲሳፈር እንኳ እግሩ ፍሬን የሚረግጥ ሰው።

ድምፄን ዝቅ አድርጌ መንገሩን ቀጠልኩ። ዞረን ስንመለስ የቤታችን መታጠፊያ ደረሰ። አልታጠፍኩም። የሐይቁ መንገድ በቀጥታ ነው።